አስታው እስከየት ወጣ?

ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ነበር። የተራሮቻችንን የአፈር መሸርሸር አጥንቶ በኋላ በበርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። አልቀናሁም ብል ዋሸሁ!

ዛሬ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ልጃችን ግን የደን ሥነ ምህዳር ልማር ሲል «ሥራ የት ልታገኝ?» እንለዋለን።

ጥያቄው ግን አለ፦ የደኑ የላይኛ ዳርቻ ዛፍ የሆነው አስታ፣ ከእሱ በላይ ጅብራ ወደሚበቅልበት ሜዳ እየገፋ መሆን አለመሆኑ በአንድ የማስተርስ ጥናት አይታወቅም፤ የሙቀቱን፣ የእሳቱንና የግጦሹን ድርሻ ለመለየት እዚያው ቦታ ላይ ለአሥርት ዓመታት መለካት ይጠይቃል። ዶክትሬቱ ግን በአራት በአምስት ዓመት ያልቃል፤ ገንዘቡም አብሮት። እኔ ብሆን ለዩኒቨርሲቲው ከሌላ ሕንፃ በፊት፣ በፓርኩ ውስጥ ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ቋሚ የመለኪያ ቦታዎች አዘጋጅቼ፣ ለሚለካው ሰው ደመወዝ እመድብ ነበር። የፓርኩ ስካውቶች እንደሆነ መንገዱን ያውቁታል።