ሰው የለመደ ውሻ

ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቡላ ዛሬ ገባ። እናቱ የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ናት፤ አባቱን የሚያውቅ የለም። ባለቤቶቹ ገና በአምስተኛው ሳምንቱ «ነይ ውሰጅው» ብለውኝ ነበር፤ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ንክሻው ከበረታ የተነከሰው ጮኾ ጨዋታውን ጥሎበት ይሄዳል፤ ጡት ሲነክስም እናቱ ታጉረመርምበታለች። ንክሻ መመጠንን ከእነሱ የተሻለ የሚያስተምረው የለም።

ማታ ከአልጋዬ አጠገብ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋቢ አንጥፌ አስተኛሁት። ሲያለቃቅስ ዘበኛችን ሰምተው መስኮቱ ሥር መጡ።

«እትዬ፣ ውሻ ቤት ካደረ ውሻነቱ ቀረ።»

«ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳ እኮ ነው ያለነው።»

ዝም አሉ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ ቡችላ እንደሚወድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እምነታቸው ግን ፍንክች አይልም፤ ጠባቂ ውሻ ማለት ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ የሚፈታ፣ እንግዳ የማያይና ጠግቦ የማያድር ነው። ሰፈሩም የሚያሳድገው እንደዚያው ነው።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው በሚባለው ልማድ ሰፈሩ ሳይነጋ ቆሻሻውን አቃጥሎ ጭሱ ግቢያችንን ሞላው። ቡላ እያነጠሰ አልጋ ሥር ገባ። ጎትቼ አላወጣሁትም፤ በራሱ ጊዜ ወጣ።

የእንስሳት ሐኪሙ ክትባቱ ተከታትሎ እስኪያልቅ፣ ማለትም አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላው፣ መንገድ ላይ እንዳይረግጥ አስጠንቅቆኛል። ምክንያቱ ፓርቮ ነው። በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታወቀ ቫይረስ ነው፤ ቡችላውን በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ይጨርሰዋል፣ አፈር ውስጥም ለወራት ይቆያል። በሌላ በኩል ቡችላ አዲስ ነገርን ያለ ብዙ ፍርሃት የሚቀበለው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ቢበዛ እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊዮት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡችሎችን በታጠረ መስክ ያለ ሰው አሳድገው፣ በየተራ በተለያየ ዕድሜያቸው ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው የቆዩት ከዚያ በኋላም ሰው መቅረብ አልሆነላቸውም።

እንግዲህ ክትባቱ እስኪያልቅ ቤት ብዘጋበት ጊዜው ያልፍበታል፤ ባወጣው ደግሞ በሽታው አለ። መፍትሔው መሸከም ሆነ። በነጠላ ደረቴ ላይ አስሬው እወጣለሁ፤ መሬት አይረግጥም፣ የማያየውና የማይሰማው ነገር ግን የለም። ሐኪሙም በዚህ ተስማምቷል። ጥበብ ሻጮቹ «ማርያም ማረችሽ ወይ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ኅዳር 20

ጾመ ነቢያት ገብቶ ሥጋ ቤቱ ዘግቷል። ደግነቱ ከዋዜማው ሳንባ ገዝቼ ቀቅዬ፣ በአተር ፍሬ ልክ ከትፌ ፍሪዘር አስገብቻለሁ። እህቴ «ድስቴን እንዳትነኪ» ብላ ለውሻው የራሱን ድስት መደበችለት።

የዛሬው እንግዳ ቆራሌው ነው። በዚህ ሰፈር ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ እየጮኸ የሚያልፍ ሰው የማያሳብደው ውሻ የለም። በራችን ላይ ጠርቼ «ወንድሜ፣ እስኪ እዚያው ቆመህ ቀስ ብለህ ጥራ» አልኩት። ግራ ገብቶት ሳቀ፤ ጠራም። ቡላ ደረቴ ላይ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጠፈ። ሳንባ ሰጠሁት። ቆራሌው ደገመ፣ እኔም ደገምኩ። ጥቂት ከቆየን በኋላ ጥሪውን ሲሰማ ሰውየውን ትቶ እጄን ማየት ጀመረ።

ከዚያ ሰውየው ግቢ ገብቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ጆንያውን ግን ውጭ አስቀረነው። ቡላን ሲሚንቶው ላይ አወረድኩት። አንገቱን ወደፊት ሰገግ አድርጎ የኋላ እግሮቹን ካሉበት አላነቃነቀም፤ ለመሸሽ እንደተዘጋጀ ነው። «እጅህን አትዘርጋ፣ ዓይኑንም አትየው፤ እሱ ይምጣ» አልኩ። የጫማውን ጫፍ አሽትቶ አፈገፈገ። ተመለሰ፣ አሸተተ፣ አሁንም አፈገፈገ። ሦስተኛው ላይ ሳንባውን ከሰውየው መዳፍ አነሳ፤ ጭራው ዝቅ እንዳለ መወዛወዝ ጀመረ። ጆንያውን ለሌላ ቀን ተውነው፤ ቡችላ ሲሳካለት ማቆም ይሻላል።

«የዚህ ሰፈር ውሻ ሁሉ ያውቀኛል፤ የሚወደኝ ግን አንድም የለም» አለ ቆራሌው ሲወጣ።

ቡችላን «አለማምደዋለሁ» ብሎ ሰው መሀል ወርውሮ ከእጅ እጅ ማቀባበል ማለማመድ አይደለም፤ መፍራትን ማስተማር ነው። መብላት ካቆመ፣ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ ከልክ በላይ ቀርበነዋል ማለት ነው። ራቅ ይባልለታል።

ታኅሣሥ 4

ሦስት ወሩ ገደማ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወሰደ። ሐኪሙ አፉን ሲከፍተው፣ ጆሮውን ሲያገላብጠውና መዳፉን ሲይዘው አልተወራጨም። ማታ ማታ ይህንኑ እያደረግን ሳንባ ስንከፍለው ነው የሰነበትነው።

ወረፋ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን የጎረቤት ውሻ ጫር አድርጎት ወደ ባህል ሐኪም ሊወስዱት እንደሆነ ነገሩኝ። ከምንም በፊት ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ አልኳቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ከውሻ ነው። ጣጣው ለሰው ብቻም አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ ከአምስት መቶ የማይሞላውን የአገራችንን ቀይ ቀበሮ በተደጋጋሚ የፈጀው ከሰፈር ውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ ነው።

ታኅሣሥ 16

የወተት ጥርስ ሃያ ስምንት ናት፤ ሁሉም እንደ መርፌ ትወጋለች። የነጠላዬ ጥለት ተበልቷል። ዘበኛችን «አፍንጫውን በነጠላ ጫማ ሁለቴ ይበሉት» ባይ ናቸው። እጅ የመጣበት ቡችላ ግን መንከስ አይተውም፤ እጅን መፍራት ይጀምራል። እኛ ቤት ጥርስ ቆዳ ሲነካ ጨዋታው ያበቃል፤ ተነስቼ ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ የሚያኝከው የተቋጠረ አሮጌ ጨርቅ እሰጠዋለሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚነክሰው እንቅልፍ ሲያምረው ነው። በዚህ ዕድሜው በቀን እስከ ሃያ ሰዓት ድረስ ሊተኛ ይችላል፤ ልጆች ግን አያስተኙትም።

ታኅሣሥ 29

ገና። እንግዳ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይገባል፤ ቡላም ሁሉም ላይ ሊወጣ ይፈልጋል። ሲዘል ማንም እንዳያየው፣ ሲቀመጥ ግን ሁሉም እንዲያጫውተው በር ላይ አስጠነቀቅኩ። ትልልቆቹ ሰዎች አስቸገሩ፤ ልጆቹ ናቸው ሥርዓቱን የያዙት። ቀትር ላይ በሩ ሲንኳኳ ቂጡ ራሱ መሬት ፈለገ።

ከባዱ ሥራ ዶሮ ወጡ ነበር። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል፤ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል። እኛ አገር ደግሞ ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው። እንግዳው «ለበዓል እንኳን ይቅመስ እንጂ» እያለ አጥንት ሲያነሳ እጅ ስይዝ ዋልኩ። አንዷ አክስቴ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ጥር 11

ታቦቱ ሲያልፍ በረንዳ ላይ ሆነን ሰማን። ከበሮው ከሩቅ ሲመጣ ሳንባ፣ እልልታው ሲቀርብ ሳንባ። በመጨረሻ ተጋድሞ ጨርቁን ማኘክ ጀመረ። ጨርቁ ላይ ትንሽ ደም አየሁ፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል። አሁን አርባ ሁለቱ ቋሚ ጥርሶች እስኪወጡ ወንበር እንሰውራለን።

የካቲት 2

ጉልበቱ መጣ። በግቢው ውስጥ እንደ ባጃጅ ይዞራል። የጎረቤት ልጅ «በብስክሌት ላሩጥልሽ» አለኝ፤ እንቢ አልኩ። የአጥንቱ ማደጊያ ገና አልገጠመም፤ ለእንደሱ ያለ ትልቅ ዘር አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ዛሬ የተሯሯጠ ውሻ ነገ የሚፈልገው የበለጠ መሮጥ ነው። የሚያደክመው አፍንጫው ነው። ቁርሱን በሳህን መስጠት ትቼ ገለባ ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ፣ ሳር ላይ እበትንለታለሁ። ሩብ ሰዓት አሽትቶ ለቅሞ ሲጨርስ ዘርጋ ብሎ ይተኛል። መንገድ ላይ ገመዱን ሲስብ እቆማለሁ፣ ሲያላላ እሄዳለሁ። ከቤት እስከ አስፋልት ያለው መንገድ ዕድሜ የሚፈጅ ሆኗል።

ማታ ከዘበኛችን ጋር እንደገና ተከራከርን።

«ሌባ ሲመጣም ጭራውን ሊቆላለት ነው፣ እትዬ።»

«ጋሼ፣ ትናንት ሌሊት ስንት ውሻ ጮኸ?»

«የሰፈሩ ሁሉ።»

«ስንት ሰው ተነሳ?»

መለስ አድርገው «እኔም አልተነሳሁ» አሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይጩኽ። ቆራሌውም፣ ፖስተኛውም፣ ጃንጥላ የያዘ ቄስም ያስጮኸው ውሻ ግን በጩኸቱ የሚነግረን ነገር የለም። ፈርቶ ነው የሚጮኸው፣ ፈርቶ ነው የሚነክሰው፤ ብዙውን ጊዜ የሚነክሰውም ሌባ አይደለም፣ ኳሱን ሊያመጣ የገባ ልጅ ነው። ቡላ በቀን የሚያልፈውን ሰው አያይም፤ አጥር ላይ በማይሆን ሰዓት ኮቴ ሲሰማ ግን ይጮኻል፤ ያኔ እነሳለሁ። ጋሼ አልተቀበሉኝም። «እናያለን» አሉ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

የካቲት 16

ቅበላ። ከአጥራችን ማዶ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰንሰለት የኖረች ውሻ አለች። ባለቤትዋ «የአንቺ እንዴት እንዲህ ሆነ? የእኔ እኮ እንግዳ አላስገባ አለችኝ» ብሎ መጣ። የልጅነት ጊዜዋ እንዳለፈባት፣ ይህ ማለት ግን ተስፋ የላትም ማለት እንዳልሆነ ነገርኩት። የቡላን ያህል ቆራሌ አቅፋ ላትውል ትችላለች፤ ሰው ሲያልፍ መታገስን ግን ትማራለች፣ ወራት ይፈጃል።

ዛሬ ጠዋት ጀመርን። እሱ በመንገዱ ግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ውሾቹ በየውጭ በኩላችን፣ ሁላችንም ወደ አንድ አቅጣጫ። ፊት ለፊት ማገናኘት የለም። መጀመሪያ ገመዷን እየገዘገዘች በሁለት እግሯ ቆመች፤ መንገዱን አሰፋንላት። አቀበቱ ጋ ስንደርስ መሬት ማሽተት ጀመረች። ቡላም እሷ ያሸተተችውን ካላሸተትኩ አለ፤ ተሻግረን፣ እነሱ ካለፉ በኋላ አሸተተ። በዚህ ተለያየን።

በየጠዋቱ ልንወጣ ተስማምተናል። ሥጋ ቤቱ ከነገ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ስለማይከፍት የሳንባው ግዢ የዛሬ ነው፤ የእሷን ድርሻ ባለቤትዋ ይከፍላል፣ ድስቱ ግን የቡላ ነው።