ማታው የማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሰፈራችን ለሁለት ይከፈላል። ከአንዱ ቤት እልልታ ይሰማል፤ ከብዙዎቹ ቤቶች ግን ምንም አይሰማም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ያኔም ዘንድሮም አንድ ዓይነት ንግግር እሰማለሁ፦ «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ስልክ ላይ ተጥዶ እየዋለ ምን ያልፋል?» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አጎቴም ይለዋል። እኔ ግን ሰምቼ ማለፍ ስላቃተኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ያደግኩት መርካቶ፣ በርበሬ ተራ አካባቢ ነው። ቤታችን ቆጥ የተሠራለት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር፤ ስድስት ሆነን እንኖርበታለን። አባቴ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ይሸከማል፤ እናቴ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። ነጋዴው የደረቀውን ዛላ በጆንያ ይሰጥሃል፤ ቤትህ ወስደህ ጭራውን እየቀነጠስክ፣ የሻገተውን እየለየህ ትመልስለታለህ። ሂሳቡ በኪሎ ነው። በኪሎ ስለሆነ እጅ በበዛ ቁጥር ብሩ ይበዛል። ስለዚህ በቤታችን ልጅ ማለት እጅ ማለት ነበር።

9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት እንለቀቃለን። 10 ሰዓት ሲሆን ጆንያው ተፈትቶ ይጠብቀናል። እየሳልንና እያነጠስን እስከ ማታ 3 ሰዓት እንቀነጥሳለን። ከዚያ በኋላ ደብተር ብዘረጋም ጣቶቼ ያቃጥላሉ፤ ረስቼ ዓይኔን ካሸሁ የዚያ ምሽት ጥናት አበቃ። የ6ኛ ክፍል የሳይንስ ደብተሬ ዳር ዳሩ በሙሉ ቀይ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩና «ንጽሕና የማያውቅ ተማሪ ደብተር ይህን ይመስላል» አሉ። ቂም አልያዝኩባቸውም፤ 70 ተማሪ ፊታቸው ተቀምጦ የማንን ቤት ሊያውቁ ይችላሉ? ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ እጄን አውጥቼ መልስ አልመለስኩም።

በዴስካችን ላይ ሦስት ነበርን። አንዱ የሸማ ተራ ነጋዴ ልጅ ነው። ሌላኛው ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ ተራ ሱቅ በደረቴ ይዞ ማስቲካ፣ ሶፍትና ሲጋራ የሚሸጥ ልጅ ነበር። ከሦስታችን በሒሳብ የሚበልጠን እሱ ነው፤ ይህን ዛሬ ለማሳመር ስል አይደለም የምለው፣ ያኔም ሁላችንም እናውቅ ነበር። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ሦስት መንገደኞች በመስኮት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ለአንዱ ከ50 ብር፣ ለሌላው ከ10 ብር፣ ለሦስተኛው ከ100 ብር መልስ ይመልሳል፤ እየሮጠ ነው የሚያሰላው። ክፍል ውስጥ ግን ክፍልፋይና ዴሲማል ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ይደነግጣል፤ የቤት ሥራም ሠርቶ አያውቅም።

ብዙ ዓመት ቆይቼ በብራዚል፣ ሬሲፌ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ኮኮናትና ፍራፍሬ በሚሸጡ ልጆች ላይ ያደረጉትን በ1985 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አነበብኩ። ልጆቹ በሽያጭ መካከል ሲጠየቁ 98 በመቶ የሚሆነውን ስሌት በትክክል ይመልሳሉ። ያንኑ ስሌት ወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲያገኙት በትክክል የሚሠሩት 37 በመቶ ገደማ ነው። የተጠኑት ልጆች አምስት ብቻ ስለነበሩ ለዓለም ሁሉ ይሠራል አልልም። ጥናቱን ሳነብ ግን ጓደኛዬን በአውቶቡሱ መስኮት ሥር አየሁት። ጭንቅላቱ ሙሉ ነበር። የጎደለው የገበያውን ስሌት ወደ ሰሌዳው የሚያሻግርበት፣ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «ያው እኮ ነው፤ መልስ እንደምትመልሰው አድርገህ አስበው» የሚለው ምሽት ነው። 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳይፈተን ቀረ።

የነጋዴው ልጅ ደግሞ 5ኛ ክፍል ላይ ወደ ግል ትምህርት ቤት ተዛወረ። ከኛ አይበልጥም ነበር፤ አያንስምም። እኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሁሉንም በአማርኛ ተምረን 7ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ሒሳቡ ድንገት በእንግሊዝኛ ሲሆንብን፣ እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀድሞ ለምዶታል። ታናናሾቹ ደግሞ ከኬጂ ጀምረው ነው በእንግሊዝኛ የተማሩት። እኛ የጥያቄው ትርጉም ምን እንደሆነ ስንፈልግ እነሱ መልሱን ይፈልጋሉ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በአገራችን 3,000 የሚሆኑ ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል። የቤተሰብ ሀብት የሚፈጥረው ልዩነት ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ በሚያውቁት የቃላት መጠን ላይ ይታያል። 12ኛ ክፍል ላይ የምናየው ቁጥር እዚያ የተጀመረ ነው።

መርካቶ ውስጥ ይህን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚመለስልኝ መልስ አለ። «እከሌ 4ኛ ክፍል አቋርጦ ሊስትሮ ሆኖ ጀምሮ ዛሬ ሕንፃ አለው፤ ትምህርት ምን ያደርጋል?» እውነት ነው፤ እንደዚያ ዓይነት ሰዎች አሉን፣ እኮራባቸዋለሁም። ግን የእነዚያን ሰዎች ቤት ገብቼ አይቻለሁ። 6 ኪሎ ተማሪ እያለሁ ቤተል አካባቢ የአንድ ነጋዴ ልጆች አስጠኚ ነበርኩ። ሰውየው ራሳቸው ከ4ኛ ክፍል አላለፉም። ለልጆቻቸው ግን የሒሳብ አስጠኚ፣ የእንግሊዝኛ አስጠኚ፣ አምፖልና ጠረጴዛ ያለው ለብቻው የሆነ ክፍል፣ 12 ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን የምታጠፋ እናት አዘጋጅተዋል። ሱቅ ላይ ልጆቹን አያስቀምጡም፤ «ጥናታቸውን ያጥኑ» ይላሉ። በሰዓት ተከፍሎኝ ከእነሱ ጋር ስቀመጥ የገባኝ ነገር ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ። ሀብት ለልጅ ከሚገዛው ነገር ሁሉ ትልቁ ማታ ነው። እነዚህ ልጆች ማታቸው የራሳቸው ነው። የእኔ ማታ የበርበሬው ነበር፤ የጓደኛዬ ማታ የአውቶቡስ ተራ ነበር። ፈተናው ግን የሁላችንንም ማታ እኩል አድርጎ ቆጥሮ ይመዝነናል።

ታዲያ አንተ እንዴት አለፍክ ትሉኝ ይሆናል። በጉብዝና ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። 9ኛ ክፍል ስገባ ሸማ ተራ ሱቅ የነበራቸው አንድ ጋሼ ለመጋዘናቸው ማታ የሚያድር ልጅ ፈለጉ። ለቤታችን ከበርበሬው የተሻለ ብር ስለነበረ እናቴ ፈቀደች። ሥራው ከውስጥ ቆልፎ ማደር ብቻ ነው። አቡጀዲና ጣቃ ጨርቅ በተደረደረበት መካከል አንድ አምፖል ነበር። የመብራቱን ቆጣሪ እያዩ አንድም ቀን «አጥፋው» አላሉኝም። ሁለት ዓመት በዚያ አምፖል ሥር አጥንቼ የ10ኛ ክፍል ማትሪክ አለፍኩ። ከዚያ በፊት ከክፍሌ 30ኛ ወጥቼ አውቃለሁ። እኔ ያው እኔ ነኝ፤ የተለወጠው ማታዬ ነው። ጓደኛዬ ያን መጋዘን ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ መሐንዲስ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ ጥናት አብዛኛው የአገሪቱ ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለጥቂቶች እንዲሆን ያቅድ ነበር። ወላጆችና መምህራን ይህ የድሃን ልጅ ከታች ለማስቀረት ነው ብለው ተቆጡ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ወደ ኋላ መለሰ፤ ነገሩ ከዚያ ወዲያ እስከ አብዮቱ ድረስ ሄደ። ያ ትውልድ «የድሃ ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ይቁም» የሚል ወረቀት አይቶ ነው የተነሣው። ዛሬ እንደዚያ የሚል ወረቀት የለም። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የድሃው ልጅም ተመዝግቦ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጆንያው፣ ሱቅ በደረቴው፣ የተጨናነቀው ቤት አንድ በአንድ ያወጣዋል። የሚቆጣ ሰው የጠፋው ወረቀቱ ስለማይታይ ይመስለኛል።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር መልስ ነበራቸው። የቆሎ ተማሪ ድሃ ነበር፤ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ሰፈሩም ቁራሽ ይሰጠዋል። ተማሪውን ውሻ ያባርረው ነበር፣ ርሃብና በሽታም ብዙ ልጅ ወስዷል፤ ያን ኑሮ አላሞግስም። ግን አስቡት፤ መንደሩ በዚያች ቁራሽ የተማሪውን ሰዓት ይገዛለት ነበር። ቀሪው ጊዜ፣ ማታውም ጭምር፣ ከየኔታና ከጓደኞቹ ጋር የትምህርት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2014ቱ ፈተና አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተሻለ ውጤት አመጡ ሲል ብዙ ሰው ተገረመ። እርግጥ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪያቸውን መርጠው ነው የሚቀበሉት። ሆኖም ደወል የሚደወልበት የጥናት ሰዓት፣ መብራትና የሚጠየቅ ታላቅ ተማሪ እዚያ ለሁሉም እኩል ነው።

ቀኑ ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። በእኛ ጊዜ በሰልፍ ላይ በርሃብ የሚወድቅ ልጅ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ይበላሉ፤ ከ2012 ጀምሮ ደብተርና ዩኒፎርምም ይታደላል። ለእናቴ ዓይነት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ማታው ግን እንዳለ አለ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎልቶ ታየ፤ አንዳንዱ ልጅ በቴሌግራም ወርክሽት እየተላከለት ሲሠራ፣ በርበሬ ተራ አካባቢ ያለው ልጅ ቀኑም እንደ ማታው የጆንያው ሆነ።

የመርካቶን ሰው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዕድር የሌለው መንደር የለም። የዕድሩ ቤት አግዳሚ ወንበር አለው፣ አምፖል አለው፤ ሐዘን ከሌለ ማታ ተቆልፎ ያድራል። የትምህርት ቤቶቻችንም ክፍሎች ከ10 ሰዓት በኋላ እንደዚያው ናቸው። እስከ ማታ 3 ሰዓት ይከፈቱ። ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሽማግሌ፣ የሚያስጠኑ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጆንያውን ትቶ ለሚመጣ ልጅ ቤቱ የሚያጣውን ብር በዕቁብም ሆነ በመዋጮ የሚተካ ጥቂት ነጋዴ ይበቃል። ብሩ ካልተተካ ልጁ አይመጣም፤ ይህን የምለው አውቄው ነው።

እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በሰፈሬ የዕድር ቤት ሰባት ልጆች አስጠናለሁ። አንዷ 7ኛ ክፍል ናት፤ እናቷ በርበሬ ትቀነጥሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ 1 ሰዓት ሳይሞላ ትጠራ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እናትየዋ ልትወስዳት መጣች። ልጅቷ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ደርሳ ነበርና ቀና ሳትል «እማ፣ ትንሽ ቆዪኝ» አለቻት። እናትየዋ ትንሽ ቆማ አየቻት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ በነጠላዋ ይዛው የመጣችውን ዛላ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ከእኛ መብራት በሚደርሳት ብርሃን ብቻዋን ትቀነጥስ ጀመር።