በአዲስ አበባ ከተማ ስለ አሮጌ መኪና ሽያጭና ክርክር

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ሻጭና ገዥ የሚካሰሱት በበቅሎና በፈረስ ነበረ። በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ቁልቁለት ነድቶ አረማመዷን ይመለከታል። የዛሬው ገዥ ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይቶ ያምናል፤ ቆጣሪውም ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል የሚሰማው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የሚወድ ሰው በመርካቶ ወደሚገኘው ሶማሌ ተራ ይሂድ። በዚያ ሰፈር የመኪና አካል ሁሉ ተነጣጥሎ ይሸጣል፤ በሩ ለብቻው፣ መብራቱ ለብቻው፣ ሞተሩም ለብቻው ነው። መንገደኛው ጥቂት ቆሞ ቢመለከት፣ በአዲስ ቀለም አጊጣ የቆመች አንዲት መኪና ከስንት መኪና ተውጣጥታ ልትሠራ እንደምትችል ይረዳል። ደላላው ግን ይህን አይናገርም፤ «ሴት የያዘቻት ንጹሕ መኪና ናት» ይላል። በከተማው የሚሸጡትን ሁሉ ሴቶች ይዘዋቸው ከነበረ፣ ወንዶቹ ምን ይነዱ እንደ ነበረ ለእኔ አልተገለጠልኝም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዥው ዕቃውን እንደ ተረከበ እንዲመረምር፣ ጉድለት ቢያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነ፣ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚለው የውል ቃል አያድነውም።

ከሞተር ይልቅ የሚከፋው የወረቀት ክርክር ነው። ብዙ ሰዎች ስም የማዛወሩን ወጪና ድካም ሸሽተው፣ ገንዘቡን ከፍለው ውክልና ብቻ ይቀበላሉ፤ ሊብሬው በሻጩ ስም ይቀራል። ወካዩ ሲሞት ግን ውክልናው አብሮ ይቀራል። ወራሾች መጥተው «የአባታችን መኪና ነው» ባሉ ጊዜ፣ በእጁ የሽያጭ ውል የሌለው ገዥ በምን ያስረዳል? ሻጩም ቢሆን አያርፍም። መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነውና፣ ከሸጠ ሦስት ዓመት ያለፈው ሰው ከልጆቹ ጋር እራት ሲበላ፣ በማያውቀው መንገድ ስለ ተገጨ ሰው መጥሪያ ይደርሰዋል።

ለባለ ትዳሮች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጠውን የሚንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ባል ወይም ሚስት ብቻውን እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሳይስማማ የተሸጠበት ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። በ500 ብር ዛሬ የመኪና ጎማ እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ ማንኛዋም መኪና በዚህ ሕግ ውስጥ ናት። ገዥው የሻጩን ሚስት ፈርማ ሳያይ ገንዘብ ቢቈጥር፣ ወይዘሮዋ ከሳሽ ሆና ስትመጣ ሊደነቅ አይገባውም።

በልደታ ባለው ፍርድ ቤት ቀጠሮ ለቀጠሮ ሲተካ መኪናዋ ትቆማለች፤ ባትሪዋ ይደክማል፤ ጎማዋ ይረግባል። እግድ ቢኖርባትም መሸጥ አይቻልም። ፍርዱ ሲሰጥ የረታው ወገን የሚረከበው ከሳሽና ተከሳሽ የተጣሉባትን መኪና ሳይሆን፣ አቧራ የለበሰችውን ሌላይቱን ነው፤ እርሷንም ለማስነሣት ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል።