የ21 ቀን ዘብ

ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ የምትቀመጠው 21 ቀን ነው። ቅርፊቱ ነጭ ቢሆን ቡናማ፣ አገሩ ቆላ ቢሆን ደጋ፣ የምታሞቀው እናቲቱ በክንፏ ብትሆን ወይም ማሽን በኤሌክትሪክ፣ ተፈጥሮ የወሰነችው ጊዜ ያው ሦስት ሳምንት ነው። አበው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ትዕግሥትን ማስተማራቸው ነበር። ሆኖም በዚያ «ቀስ በቀስ» ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንዳለ የሚያውቀው ሌሊቱን እየተነሣ የጠበቀው ሰው ነው። እኔና ሁለት የሠፈር ጓደኞቼ ይህን በሞያሌ አይተነዋልና፣ ለሙያ አጋሮቼ ለወታደር ሚስቶች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ላካፍል ተነሣሁ።

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። አንዱ ወገን የኢትዮጵያ፣ ሌላው ወገን የኬንያ ነው፤ ኑሮው ግን የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ ከመመረቁ ከብዙ ዘመን በፊትም ቢሆን የዚህ ወገን ሰው ወደዚያ፣ የዚያ ወገን ሰው ወደዚህ እየተሻገረ ሲገበያይ ኖሯል። እኛም ማሽኑን የገዛነው በኬንያ ወገን ካለው ገበያ ነው።

ለምን ማሽን አስፈለገ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የአገራችን ዶሮ መልካም እናት ናት። ነገር ግን ስትታቀፍ ዕንቁላል መጣል ታቆማለች፤ ጫጩቶቿን ይዛ በምትዞርበትም ጊዜ አትጥልም። በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብቻ የምታስገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመታቀፉን ሥራ ማሽኑ ከተረከባት ግን እርሷ ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች።

ገንዘቡን ያዋጣነው ሦስት ሴቶች ነን። እኔ ከዕቁቤ ሰጠሁ። ሁለተኛዋ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ወጪ ካስቀመጠችው ቀንሳ አወጣች። የሦስተኛዋ ጓደኛችን ባለቤት ጡረታ ሊወጣ የቀሩት ወራት ጥቂት ነበሩ፤ ቤቱን ለቅቀው ወደ ይርጋ ጨፌ ሲመለሱ የሚጀምሩበት ነገር ይኖራቸው ዘንድ የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣ ጨመረች። እንግዲህ በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ዕንቁላል ብቻ አልነበረም።

ዕንቁላሉን ያገኘነው ከድንበሩ ማዶ ከሚኖሩ አንዲት የቡርጂ ባልቴት ነው። አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ ስዋሂሊውንም ያቀላጥፉታል። «ልጄ፣ ከሱቅ የተገዛ ዕንቁላል አታስገቢ፤ የእነዚያ እናቶች አውራ አያውቁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለመብል የሚመረት የእርባታ ዕንቁላል አውራ ዶሮ በሌለበት ስለሚጣል፣ 21 ቀን ቀርቶ ዓመት ቢሞቅም ጫጩት አይወጣውም። የእርሳቸው ዶሮዎች ግን ከአንድ ገብስማ የአገር አውራ ጋር የሚውሉ ናቸው። 24 ነጭና ክሬም መልክ ያላቸውን የአገር ዶሮ ዕንቁላሎች፣ 20 ደግሞ ቡናማ የሆኑትን የተሻሻለ ዝርያ ዕንቁላሎች መርጠው ሰጡን። ሁሉም ከተጣሉ ሳምንት ያልሞላቸው ነበሩ።

ልጄ ቅርጫቱን ስታይ «እማዬ፣ ከቡናማው ቡናማ ጫጩት ይወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ ይመስላቸዋል። የቅርፊቱ ቀለም ግን የእናቲቱን ዘር እንጂ የጫጩቱን ላባ አይናገርም። ቡናማው ቀለም ዕንቁላሉ ሊጣል ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ከላይ የሚቀባ ነው፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ሲሰበር ውስጡ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በደቡብ አሜሪካ በቺሊ አገር የሚታወቁት አራውካና የሚባሉ ዶሮዎች ደግሞ ሰማያዊ ዕንቁላል ይጥላሉ፤ የእነርሱ ቀለም እስከ ውስጥ ዘልቆ የገባ ነው። የቻይናና የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስታወቁት፣ ሰማያዊው ቀለም የመጣው ከረጅም ዘመን በፊት በዶሮ ዘር ውስጥ ገብቶ በቀረ ቫይረስ ምክንያት ነው። አስኳሉና ነጩ ክፍል ግን በየትኛውም ቅርፊት ውስጥ ያው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ መቆየት አለበት። ከዚህ ጥቂት ቢወርድ ጫጩቱ ይዘገያል፤ ወደ 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቢወጣ ግን ይሞታል። ስለዚህ ከብርዱ ይልቅ ግለቱ ይፈራል። የአየሩ እርጥበት እስከ 18ኛው ቀን ከመቶ 50 ያህል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 እስከ 70 ይሆናል። ቦረናዎች ቦና በሚሉት ደረቅ ወራት የሞያሌ አየር ውሃውን ቶሎ ይመጥጠዋልና የውሃ ሳሕኑን ደጋግሞ መመልከት ያሻል። ዕንቁላሉም እስከ 18ኛው ቀን ድረስ መገላበጥ አለበት፤ አለዚያ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። በየዕንቁላሉ በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ በእርሳስ አድርገን፣ በቀን አምስት ጊዜ አገላበጥን። ቍጥሩ ጎዶሎ መሆኑ ይጠቅማል፤ ዕንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን አያድርም።

የሌሊቱን ተራ ሦስታችን ተከፋፈልን። ባለቤቴ ይህን ሲያይ «ይህስ ከእኔ የዘብ ተራ የጠበቀ ነው» እያለ ይስቅብን ነበር፤ ኋላ ግን የእኔን ተራ እርሱ የሚነሣበት ሌሊት በዛ።

በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል ውስጥ ዕንቁላሎቹን ከእጅ ባትሪ ፊት አቁመን ተመለከትናቸው። በነጮቹ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ይታያል፤ ምንም ያልታየባቸውን አምስቱን አወጣን። ቡናማዎቹ ግን ብርሃን በደንብ ስለማያሳልፉ እስከ አሥረኛው ቀን ታገሥናቸውና አራት አወጣን። 35 ቀሩ።

በ17ኛው ቀን ባለቤቴ ለግዳጅ ወጣ። በ19ኛው ሌሊት መብራት ጠፋ።

የማራገቢያው ድምፅ ጸጥ ሲል ከእንቅልፌ ነቃሁ። ቴርሞሜትሩ ከ37 ወደ 35፣ ከዚያም ወደ 33 ወረደ። ሁለቱን ጓደኞቼን ቀሰቀስኋቸው። ከሰል አያይዘን ውሃ አሞቅን፤ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላን፣ በፎጣ እየጠቀለልን ማሽኑን ዙሪያውን ከበብነው። ከላይ የባለቤቴን የወታደር ብርድ ልብስ ደረብን፤ የአየር መግቢያውን ግን ክፍት ተውነው፤ ጫጩት በቅርፊቱ ውስጥ ሆኖም ይተነፍሳልና። የጎረቤት ሴቶችም ጭስ አይተው ምን ሆናችሁ ብለው መጡ፤ የሰሙትም ወደ የቤታቸው ሄደው ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ጉትቻዋን የሸጠችው ጓደኛችን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ጠርሙስ በቀዘቀዘ ቍጥር ትለውጥ ነበር። መብራቱ የተመለሰው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ከ31 በታች አልወረደም።

ወደ መፈልፈያው የተቃረበ ጫጩት የራሱን ሙቀት ማመንጨት ይጀምራል፤ በዚያ ደረጃ ለጥቂት ሰዓታት መቀዝቀዝን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ማወቃችን ባያጽናናን ኖሮ በማግስቱ ተስፋ በቈረጥን ነበር። 21ኛው ቀን አለፈ፤ ዝም ነው። በ22ኛው ቀን ማለዳ ከአንድ ነጭ ዕንቁላል ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ልጆቹ ክዳኑን ካልከፈትን አሉ፤ ከለከልናቸው። ክዳኑ ሲከፈት እርጥበቱ ያመልጥና ሽፋኑ በጫጩቱ ላይ ይደርቅበታል። የተፈለፈለውም ቢሆን አስኳሉን በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ እስከ ሁለት ቀን ያለ መብል ይቆያል። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ መጠበቅ ነው።

እስከ ማግስቱ ማታ 27 ጫጩቶች ወጡ። ከነጩም ከቡናማውም ጥቁር፣ ቀይ፣ ገብስማ ተቀላቅሎ ወጣ። ለእያንዳንዳችን ዘጠኝ ደረሰን። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን አኖርናቸው፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሙቀቱን በጥቂቱ ቀነስን። ለፈንግል የሚሆነውን ክትባት ወቅቱን ጠብቀን አስከተብን። ይህን የሚተው ሰው 21 ቀን የደከመበትን በአንድ ሳምንት ሊያጣው ይችላል።

ጓደኛችን ባለቤቷ በጡረታ ሲሰናበት ዶሮዎቿን በሁለት ቀፎ አድርጋ በአውቶቡስ ይዛ ሄደች። ከወራት በኋላ ከይርጋ ጨፌ ደብዳቤ ጻፈችልን። ከቡናማ ዕንቁላል የወጣችው ቄብ መጣል ጀምራለች፤ ዕንቁላሏ ግን ቡናማም ነጭም ሳይሆን በመካከል ፈዘዝ ያለ ነው። «ይህ ከየት መጣ?» ትላለች። ባልቴቲቱን ብንጠይቅ ሳቁና «ከአባቷ ነዋ!» አሉ። አውራ ዶሮ አንድም ዕንቁላል አይጥልም፤ ሲታቀፍም አይታይም። ሆኖም በልጁ ዕንቁላል ቀለም ውስጥ ድርሻው አለበት። መልሱን ጽፈን ለጓደኛችን ላክንላት፤ ደብዳቤዋንም ባለቤቴ ከግዳጅ ሲመለስ አነበብሁለት።