ለመስቀል ወደ አርጆ

ሰው የትም ሠርቶ ቢኖር፣ መስቀል ሲደርስ ልቡ ወደ አገሩ ይሄዳል። በ2007 ዓ.ም. መስቀል የዋለው ቅዳሜ ቀን ነበር። እኛ ሦስት የአርጆ ልጆች ያኔ አዲስ አበባ በግንባታ ሥራ እንኖር ነበር። ለዓርብ ፈቃድ ጠየቅን። ስኳርና ነጠላ ገዛን። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ከሦስታችን አንዱ በዕድሜ ታላቃችን ነው። «ጋሼ» እንለዋለን። ጋሼ በዚያ ክረምት በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ችሏል። በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ተመላልሷል። ከተሞቹን የሚያውቃቸው ግን ሰው ሲነግረው ነበር። ዛሬ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ሰሌዳውን ሁሉ ያነባል።

«ጊ… ን… ጪ። ጊንጪ!» አለ። አጠገቡ ያሉት መንገደኞች ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። በየመንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈክቷል። አምቦን አለፍን፤ ያ የሚፈላው የአምቦ ውሃ ከምድር የሚወጣበት አገር ነው። ቀጥሎ ጉደር ደረስን። ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። ከጉደር በኋላ መንገዱ ወደ ጌዶ ይወጣል። ጌዶ ደጋ ነው፤ ጋቢ ያሰኛል። ከዚያ ወደ ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። የባኮ አገር የበቆሎ አገር ነው። ልጆች የተጠበሰ እሸት ይዘው ወደ መስኮቱ ሮጡ። ገዝተን በላን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የጉደር ውሃ ወደ ዓባይ ይገባል። በባኮ በኩል ያለው የጊቤ ውሃ ግን ወደ ደቡብ ሄዶ፣ ኦሞ ተብሎ፣ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ከአርጆ በታች ያለው ዴዴሳ ደግሞ ተመልሶ የዓባይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አርጆ የሚሄድ ሰው፣ በአንድ ቀን መንገድ ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚፈሱ ወንዞችን አገር ያያል።

ነቀምቴ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መጥተናል። አርጆ ለመግባት የቀረን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዝናብ ጀመረ። ደመራው ሳይነድ ለመድረስ ቸኮልን።

አንድ ሚኒባስ ሊነሣ ነው። ረዳቱ «አርጆ! አርጆ! የመጨረሻ ነው!» ይላል። እኛ እቃችንን አነሣን። ጋሼ ግን በሩ አጠገብ ቆመ። በሩ ላይ የተጻፈውን ቀስ ብሎ አነበበ። «የመጫን ልክ 12 ሰው» ይላል። ወደ ውስጥ አይቶ ቆጠረ። 17 ሰው ተቀምጧል። እኛ ስንገባ 20 ልንሆን ነው።

«ልጄ፣ በሩ 12 ይላል፤ አንተ 20 ትጭናለህ። የሚዋሸው በሩ ነው ወይስ አንተ?» አለው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው! በበዓል ቀን ማን ይቆጥራል?»

ከውስጥ አንዱ «ፊደል መቁጠር ጨርሶ ሰው መቁጠር ጀመረ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ሁለታችን በጋሼ ተናደድን። እናቶቻችን ይጠብቃሉ። ነገሩን ግን እኛም እናውቃለን። ጭነት የበዛበት መኪና ፍሬኑ ቶሎ አይዝም። በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑን ይስታል። መንገዱ በዝናብ ሲረጥብ ደግሞ ጎማው ይንሸራተታል። ጋሼ አልገባም አለ። ጥለነው መሄድ አልሆነልንም። አንዲት ሕፃን ያዘለች እናትም ዝም ብላ ወረደች። መኪናው ሄደ።

በነቀምቴ አደርን። ማታ ልጆች ችቦ ይዘው ሲያልፉ ከበራፍ ላይ ቆመን አየን። ነቀምቴ በማንበብ ነገር የቆየ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ኋላ ነፃ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። መጽሐፉም በእኛው ፊደል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ታተመ። አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት የወጣች ሴት፣ ብዙ ረድታዋለች። ከዚያ በፊት በ1894 ሁለቱ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው፣ በነቀምቴ ሰው ማንበብ አስተማሩ።

በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርን። ጋሼ አሁንም ቆጠረ። ልክ 12 ሰው ነው። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነዳ። አርጆ ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ። አርጆ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ቁልቁል ወደ ዴዴሳ በኩል ሲያዩ አገሩ ሰፊ ነው። ደመራው ነድዶ አመድ ሆኗል።

ያ የትናንቱ መኪናስ? በደህና ገብቷል። የመጡት ሰዎች እያዩን ሳቁ። «ፈሪዎች! ደመራው አመለጣችሁ» አሉን። እውነትም አምልጦናል፤ ቆጭቶናልም። ነገር ግን አንድ ቀን በደህና የገባ መኪና ሁልጊዜ በደህና ይገባል ማለት አይደለም። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በዓል ሲመጣ አይለወጥም።

የጋሼ እናት ነገሩን ሰምተው ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ደመራ ለከርሞም አለ። አንተን ግን ከየት አመጣለሁ?» አሉት።

እሑድ ወደ ሥራችን ተመለስን። ስንሳፈር ሦስታችንም የበሩን ጽሕፈት አነበብን። እናንተም ለበዓል ስትሄዱ፣ ከመግባታችሁ በፊት በሩን አንብቡ። ከዚያም ሰውን ቁጠሩ። ቢስቁባችሁም ቁጠሩ።