በሶዶ መንገድ ያየሁት አንበሳ

ወላይታ ሶዶን በአንድ ጉብኝት አይቶ የሚጨርስ የለም። ዳሞታ ተራራ ከላይ ሆኖ ይመለከታታል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗም ግንባታው በየአቅጣጫው ነው። እኔ በዚህኛው ጉዞዬ ብዙ ጊዜዬን ያጠፋሁት ግን በአንድ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ነው። የመጋቢ ሚስት በጠመንጃ ምን አገባት? ትሉ ይሆናል። ሁለት ወንድማማቾችን ሊያኳርፍ ስለደረሰ አገባኝ።

ቤታቸው ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ታላቅየው የቤተሰቡን ታሪክ በደብተር እየጻፉ ነበር፤ “አባታችን ከጣልያን ወታደር የማረኩት ምንሽር” የሚል አስፍረዋል። ታናሽየው ግን፣ “ብረቱ ላይ የእኛው አንበሳ አለ። የጣልያን ጠመንጃ አንበሳ የት አግኝቶ? ለልጆቻችን ውሸት አናወርስም” አሉ። አባቴ በሠራዊቱ ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ እንደነበር ስለሚያውቁ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ካቀረቡልኝ በኋላ ጠመንጃውን አመጡት።

በመጀመሪያ ባዶ መሆኑ ታየ። ከዚያ ዝገቱን በዘይት ጨርቅ አሸት አሸት ሳደርገው፣ ጥይት ከሚጎርስበት በላይ ባለው ክብ ብረት ላይ ዘውድ የደፋ፣ ባለ መስቀል ሰንደቅ የያዘ አንበሳ ወጣ። በጎኑ ደግሞ በፈረንሳይኛ የፋብሪካው ስምና የከተማው ስም ተቀርጿል፦ ኤርስታል፣ ቤልጅየም። አባቶቻችን “ቤልጅግ” የሚሉት ይኼው ነው። ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል፤ ውጅግራም ከፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ስም የመጣ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ በፊት ከዚያ ፋብሪካ ጠመንጃ ያስመጡ ነበር፤ የክብር ዘበኛንም የሚያሠለጥኑ የቤልጅየም መኮንኖች መጥተው ነበር።

የጣልያኑ ካርካኖ ሌላ ነው። ስድስት ጥይት ከነመያዣው ስለሚጎርስ ሆዱ ከቃታው ፊት ወደ ታች ይወጣል፤ ጥይቱም ቀጭን፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ላይ እንደ ቴርኒ ያለ የከተማ ስምና ዓመተ ምሕረት ይገኛል፤ አንዳንዶቹ ላይ የፋሺስቱ ዘመን በሮማውያን ቁጥር ተጨምሮበታል። የእነዚህ ቤት ጠመንጃ ግን ሆዱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ነው፤ አምስት ጥይት ይጎርሳል።

ታናሽየው ፈገግ አሉ። ታላቅየው ዝም ብለው ሰደፉን ይዳብሱ ጀመር፤ እዚያ ላይ የአባታቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል በቢላዋ ተቀርጿል።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ጣልያን በየቦታው ከሠራዊታችንና ከሕዝቡ መሣሪያ ሰብስቦ ነበር፤ ከዚያም ለባንዳ ያስታጠቀው ነበረ። በግንቦት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሶዶን ሲይዝ የጣልያን ጄኔራሎች ሳይቀሩ ተማርከዋል። ስለዚህ ባለ አንበሳ ጠመንጃ ከጠላት እጅ ሊማረክ ይችላል። ምልክቱ ማን እንዳሠራው ይነግረናል፤ መጨረሻ ላይ በማን ትከሻ ላይ እንደነበረ አይነግረንም። ይህን ስላቸው ሁለቱም ተያዩ።

ጠመንጃው ፈቃድ የለውም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በማግስቱ ለፖሊስ ሊያስረክቡት ስለተስማሙ፣ በአንበሳው ላይ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ እያሸሁ ቅርጹን አወጣሁላቸው። ታላቅየው የቀድሞውን መስመር ሰርዘው፣ “አባታችን ጣልያን በወጣበት ዓመት ይዘውት የገቡ ቤልጅግ” ብለው ጻፉ። ታናሽየው ብዕሩን ተቀብለው “አንበሳ አለበት” የሚል ጨመሩበት፤ ወረቀቱንም እዚያው ገጽ ላይ ለጠፉት።