ለተጋጣሚ ደጋፊ ወላጆች፦ ባሕር ዳር በብቸናና በሞጣ በኩል

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ደጀን ላይ ተገንጥሎ፣ የአርበኛው በላይ ዘለቀ አገር በሆነችው በብቸና፣ ቀጥሎም በሞጣ ያልፋል። ከሞጣ ወዲያ፣ ዓባይ ላይ፣ ጎጃምንና ጎንደርን ሲያገናኝ የኖረው ሰባራ ድልድይ ይገኛል።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተው ፖሊቴክኒክና ከመምህራን ኮሌጁ ውህደት በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ተማሪው ከየአቅጣጫው ተመድቦ ስለሚመጣ፣ ለዩኒቨርሲቲው ኳስ ከሚጫወቱት መካከል የጎረቤታችሁ ልጅ ሊኖር ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው የተነሣው ግጭት የስንቱን ወላጅ እንቅልፍ ነሥቷል! እንግዲህ ልጆቻችንን ለግጥሚያ ስንሸኝ እንዲህ እንምከራቸው፦ ቡድናችሁን በጭብጨባ ደግፉ፤ ተጋጣሚውን ግን አትስደቡ። እርሱንም በር በሩን እያየች የምትጠብቅ እናት አለችው።